የጆሮ ዕዳ

የጋሽ ደሳለው ቪዲዮ ቤት ዛሬ ማዳበሪያ ሞልቶት፣
በሩ ላይ የተሳለውን ጀግና ፀሐይ ፊቱን በልቶት፣
ጢሙ ብቻ ቀርቷል፤
ደንበጫ ላይ የሚቀጣጠር ሰው አሁንም «ጢሙ ጋ» ይላል።

አንማው ካሜራ አንግቶ ከባሕር ዳር መጣ፣
ወረቀት ለጠፈ፦ «የሚወደው ፊልም ያለው ይምረጥና ይምጣ፤
አንድ ትዕይንት ለአንድ ሰው፣ አንድ ፎቶ ብቻ።»
ከዚያ በኋላማ የኮት፣ የባርኔጣ፣ የመነጽር ዘመቻ!
እኔ ቆርቆሮ ያዥ ነኝ፤ የብርሃን መላሽ፣
ፊት ለጨለመበት የማቀብል የፀሐይ ቁራሽ።

ይርሳው ልብስ ሰፊው የባቡር ጣሪያ ላይ መሮጥ አማረው፤
ጎጃም ውስጥ ባቡር የለ፤ የአለኸኝን አይሱዙ ለመነው።
«ሩጥ!» አለው አንማው፤ ሮጠ በጤፍ ጆንያ ላይ፤
ሱሪው ተተረተረ፣ የገዛ ስፌቱ፣ በጠራራ ፀሐይ።
ፎቶው ያንን አያሳይም፤ የሚያሳየው ሰማይ፣
አንድ ቀጭን ሰው፣ የኮቱን ጅራት ነፋስ ሲነፋ፣
ከሌለ ድልድይ ፊት አንገቱን ሲደፋ።

ስማቸውና አበጀ፣ ወንድማማቾቹ፣ በማሳ ድንበር የተኳረፉ፣
የካራቴውን ጠብ መረጡ፤ በአንድ ክንድ ርቀት ተሰለፉ።
«እንዳትነካኝ» ተባባሉ። ፎቶው አምሮ ወጣ፤
እርቅ ግን አልመጣ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ መሞት አማራቸው፣ እንደዚያች ንግሥት፣ በሐር አልጋ፤
ሐሩ የመስኮት መጋረጃ፣ አልጋው የክሊኒኩ አልጋ።
ሦስቴ ሞቱ፤ ሦስቴም ሳቃቸው አመለጣቸው።
በአራተኛው የእውነት እንቅልፍ ወሰዳቸው፤
አንማው ቀስ ብሎ አነሣቸው።

በመጨረሻው ቀን፣ በአመሻሹ፣ ትሁኔ መጣች፤
ቆሎ ሻጯ ትሁኔ፣ ከዚያ በር ሥር ዐሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠች፣
ጣሳዋን ይዛ፣ ነጠላዋን አጥባ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ውስጥ ሳትገባ።
«አላየሁም» አለች፤ «የኔ የሰማሁት ነው።
መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም ጨው ነው።
አንዲት ሴት ትጮኻለች፤ ቋንቋዋን አላውቅም፤
ዝናብ ይወርዳል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ከዚያ ዝም፣ ዝም፣ ዝም።
ከዚያ እናንተ ወንዶቹ ትወጣላችሁ፣ ዓይናችሁን እያሻችሁ፣
‹አቧራ ገባብኝ› እያላችሁ፤
በሐምሌ! አቧራ ከየት አምጥታችሁ?
እሱን አንሡኝ፤ ዝም ያለውን ቦታ።»

አንማው ዞሮ አየኝ። ፀሐይ የቀራት ጥቂት ፋታ።
እኔ ከወንበር ሥር ተሸጉጬ በነጻ ያየሁ ነኝ፤
የቱ ፊልም እንደ ነበር ግን ጠፋብኝ።

ጣሳዋን መሬት አኖረች፤ ነጠላዋን ፈታ እንደ ጣሪያ ዘረጋች፤
ከሥሩ ማንም የለም፤
ለዚያ ማንም ግን ጎንበስ አለች፣ እንዳይበሰብስ ሰጋች።
ቆርቆሮው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።
አቧራ ነው፤ እውነቴን ነው፤ ወሩ መጋቢት ነበር።

ፎቶዎቹ ጢሙ ጋ ተሰቀሉ፣ በሲባጎ፣ በልብስ መቆንጠጫ፤
ወጣ ሁሉም ደንበጫ።
ጋሽ ደሳለው ምርኩዛቸውን ተክለው ከትሁኔ ፎቶ ፊት ቆሙ፤
«ይኸ ነው፤ ልክ እንዲህ ነበር» አሉ፤ ደጋገሙ።
ሌላውም «አዎ»፣ ሌላውም «አስታወስኩ» አለ።
የፊልሙን ስም ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ የለ።

ትሁኔ ስትደርስ ገበያው ተፈቶ፣ መሽቶ ነበርና፣
«መግቢያው ስንት ነው?» አለች፣ ከሲባጎው ማዶ ቆማ ገና።
«ነጻ ነው» አልናት። በር የለ፣ አጥር የለ፣ ሜዳ ነው።
ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤
ሃምሳ ሳንቲም፣ የድሮውን፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠች፤
«የጆሮዬ ነው፤ ሳይከፍል ላየው» አለች።
ከዚያ እጇን አነሣች፣
የሌለውን መጋረጃ ገለጥ አደረገች፣
ገባች።